ከሃምሳ በታች የቀሩት ወዴት ይሄዳሉ?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መውጣቱን አዳማ ላይ ቀድሞ የሚያውቀው ፎቶኮፒ ቤት ነው። ስልክ ያለው ልጅ ሁሉ ውጤቱን በቴሌግራም ያየዋል፤ አይቶ ግን አያምንም። በወረቀት ታትሞ፣ ስሙና የመለያ ቁጥሩ ተመሳክሮ እጁ ሲገባ ነው ነገሩ ቁርጥ የሚሆንበት። አንዳንዱ እናቱን አስከትሎ ይመጣል። አንዳንዱ ጓደኛውን ይልክና ራሱ ማዶ ካለው የመለዋወጫ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሞ ያያል። ሥራዬ ማተም ነው፤ ሰው ፊት ላይ ማፍጠጥ አይጠበቅብኝም። ነገር ግን ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ ድምሩን ከባለቤቱ በፊት ማየቴ አይቀርም።

በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ስቆይ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ያለፈ ልጅ ደንበኛ እንደማይሆን ነው። ውጤቱን አንድ ጊዜ ያሳትማል፣ የምደባ ወረቀቱን ሌላ ጊዜ፣ ከዚያ ጎንደር ወይም ጅማ ደርሶት ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ የሚመላለሰው ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከሚጠየቀው ሃምሳ በመቶ በታች የቀረው ነው። የሬሜዲያል (የአቅም ማሻሻያ ትምህርት) ቅጽ አለው፤ በግል ተፈታኝነት ለመመዝገብ የሚያባዛው ማስረጃ አለው፤ የቴክኒክና ሙያ ማመልከቻ፣ የብቃት ምዘና ደብዳቤ፣ የሚጠረዝ የርቀት ትምህርት ሞጁል አለው። በግልጽ ለመናገር የቤት ኪራዬን የሚከፍለው ከመስመሩ በታች የቀረው ተማሪ ነው። ስለዚህ ስለ እርሱ መጻፍ የሚገባኝ ሰው ነኝ ብዬ አስባለሁ።

ቁጥሩን ሁሉም ሰምቶታል፤ ቢሆንም በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ሲታይ ሌላ ነው። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ፈተናውን የወሰዱት በ2015 መግቢያ ላይ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እያደሩ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በማግሥቱ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። ተሻሽሏል የሚለው ሰው አልተሳሳተም። ነገር ግን በተሻሻለው ዓመትም ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና ሁለቱ ያህል ከመስመሩ በታች ነው። አገር የሚያወራው ስለ ስምንቱ ነው፤ ፎቶግራፋቸው በየትምህርት ቤቱ አጥር ላይ በሸራ ታትሞ ይሰቀላል። (ሸራ አላትምም፤ ማሽኑ ውድ ነው።)

ፈተናው ጠበቀ ብለው ከሚያማርሩት ወገን አይደለሁም። ከዚያ በፊት የነበረውን ስለማውቅ ነው። ግንቦት 2008 ላይ የእንግሊዝኛው ፈተና ገና በጠዋቱ በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቅቆ አገር አቀፍ ፈተናው እንዳለ ተሰረዘ፤ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ እንደገና ሲሰጥ ደግሞ ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ። ያን ሰሞን ልጆች እዚህ ባንኮኒ ላይ ስልካቸውን እየዘረጉ «ይህን አባዢልን» ሲሉኝ ነበር፤ እውነተኛውንም የሐሰቱንም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታትም ቢሆን መኮራረጁ አልቀረም፤ አስኮራጁ ተማሪ ብቻ እንዳልነበረም ሁላችንም እናውቃለን። ለራሱ ጥሮ 48 በመቶ ያመጣ ልጅ ተኮርጆለት 70 ካመጣው በታች የሚሰለፍበት ዘመን ነበር። ተፈታኙን በአውቶቡስ ጭኖ፣ ስልኩን አስቀርቶ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አስተኝቶ መፈተን ለወላጅ ያስጨንቃል፤ ግን ቢያንስ ውጤቱ የባለቤቱ ሆነ።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በ2014ም ሆነ በ2015 ፈተና ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ክፍል ሙሉ ከወደቀ ልጁ ሰነፍ ነው ልንል እንችል ይሆናል፤ አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ሲወድቅ፣ ያውም እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ከሺህ ሲበልጥ፣ ፈተናው የለካው ልጁን ብቻ አይደለም። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን አባዝቼ ስለምሸጥ የጥያቄውን መልክ አውቀዋለሁ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ሳይንስን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ የተማረ ልጅ ዘጠነኛ ላይ ድንገት ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም የሚፈተነው በዚያው ቋንቋ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ የአፕቲትዩዱን ወረቀት ባንኮኒው ላይ ዘርግታ እርሳሷን ስትቀርጽ አየኋት። ጥያቄው ስለ አራት ሰዎች የአቀማመጥ ቅደም ተከተል ነበር። በአማርኛ ነገርኳት፤ ወዲያው መለሰችው። ከዚያ የእንግሊዝኛውን መልሳ አነበበችና «ይሄ ነው እንዴ የሚለው?» አለች። መልሱን አጠቆረች፤ ትክክል ነው። የፈተናው ቀን የሚነግራት የለም።

እኔ ራሴ በዋናው በር የገባሁ ሰው አይደለሁም። አሥረኛ ክፍል የጨረስኩት ያ ክፍል ራሱ ብሔራዊ ፈተና በነበረው ዘመን ነው። ነጥብ የደረሰው ወደ መሰናዶ ያልፋል፤ ያልደረሰው 10+1፣ 10+2፣ 10+3 እየተባለ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላው የሕይወቱ መንገድ የተለየ ስንት ልጅ አለ! እኔ የደረሰኝ 10+3 ሴክሬታሪያል ሳይንስ ነበር። እናቴ እንግዳ ሲመጣ «ኮሌጅ ናት» ትልና ወሬውን ወደ ቡናው ትመልሰው ነበር፤ ምን እንደምማር ተናግራ አታውቅም። መሰናዶ የገቡት የክፍል ጓደኞቼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «አይዞሽ» ይሉኛል፤ ሰው የሞተብኝ ይመስል። እኔ ግን ጣቶቼን እያየሁ አልነበረም የምጽፈው። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ በፓወር ግዕዝ፣ በኮምፒውተር የአማርኛ መጻፊያው፣ ዓይኔን ከረቂቁ ላይ ሳላነሳ አንድ ገጽ እጽፍ ነበር። ዛሬም ቤቴን የሚያስተዳድረው ያ ነው።

ዲግሪውንም ተማርኩት፤ መጀመሪያ በርቀት። ከዚያ በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የርቀት ትምህርት በአንድ መግለጫ ታገደ። ጥራቱ ወርዷል ነው የተባለው፤ ወርዶም ነበር፤ አልክድም። ይሁንና ሞጁል የተቆለለበት፣ ከፍሎ የጀመረ፣ ግማሽ መንገድ የሄደ ሰው ምን ያድርግ የሚለውን የሚመልስ አልነበረም። ከወራት በኋላ ቅድመ ሁኔታ ተጨምሮበት እንደገና ተፈቀደ፤ እኔ ግን ያኔ ተስፋ ቆርጬ የማታ ትምህርት ጀምሬ ነበር። በመካከሉ ደግሞ 10+3 የሚባለው ቀርቶ ከደረጃ 1 እስከ 5 የሚሉት አሠራር መጣ። የብቃት ምዘናው፣ ሁሉም ሲኦሲ የሚለው፣ ተከተለ። በዲፕሎማዬ ላይ ሌላ ወረቀት ተጠየቅሁ፤ ተፈትኜ አመጣሁ። አሁን አሥረኛ ክፍል ላይ ይሰጥ የነበረው ብሔራዊ ፈተናም ቀርቷል። ይህን ሁሉ የምተርከው እዘኑልኝ ለማለት አይደለም። ከዋናው በር ውጭ ያሉት መግቢያዎች መኖራቸው ብቻ እንደማይበቃ ስለማውቅ ነው። ዋናው በር ቢጠብም ባለበት ይጠብቅሃል፤ የጎኑ በር ግን ዘንድሮ ያየህበት ቦታ ከርሞ ላታገኘው ትችላለህ።

ዛሬ ያሉትን መንገዶች ደንበኞቼ በሚያመጡት ወረቀት ነው የምከታተለው። ሬሜዲያል የሚሉት ለጥቂት የቀሩ ተማሪዎች የተከፈተ የአቅም ማሻሻያ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ወይም በተፈቀደለት የግል ተቋም አንድ ሴሚስተር ያህል ተምረው እንደገና ይፈተናሉ። ሲጀመር ውጤቱ 30 በመቶ ከተማሩበት ተቋም፣ 70 በመቶ ከማዕከላዊ ፈተና ነበር። ከዚህ ሠፈር ሄዳ ያለፈች ልጅ አለች፤ አሁን መደበኛ ተማሪ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ያልሰጣትን በአራት ወር እንዴት አገኘችው ብዬ ጠይቄያት ነበር። «መምህሩ በየቀኑ ይመጣ ነበር» አለችኝ፤ ሌላ ምክንያት አልጨመረችም። እኔ ከዚህ የተሻለ የትምህርት ጥራት ጥናት አላነበብኩም።

ሬሜዲያሉን ያላለፈስ? እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጠፋው። አንድ ልጅ ሬሜዲያል ተምሮ በጥቂት ነጥብ ቀርቶ ተመለሰ፤ ቦርሳውን እንኳ ቤት ሳያደርስ ነው ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደ እኔ የመጣው። «እትዬ፣ አሁን የት ብመዘገብ ነው የሚሻለኝ?» አለኝ። ልብ በሉ፤ የፎቶኮፒ ቤት ባለቤት ነው የጠየቀው። ትምህርት ቤቱ ከሸኘው ቆይቷል፤ ለተማረበት ዩኒቨርሲቲም የእርሱ ጉዳይ እዚያ ላይ አብቅቷል። የትኛው የቴክኒክና ሙያ ተቋም መቼ እንደሚመዘግብ፣ በግል ተፈታኝነት ለመቅረብ ምን እንደሚያስፈልግ፣ ለየትኛው ደረጃ ምን ውጤት እንደሚጠየቅ አንድ ላይ አድርጎ የሚነግረው የለም። ማስታወቂያው ይለጠፋል፤ በየሰሌዳው፤ ለአምስት ቀን። የአዳማ ነፋስ ደግሞ በማስታወቂያ አይራራም። እኔ የነገርኩት ከእርሱ በፊት የነበረው ደንበኛ ካሳተመው ቅጽ ያነበብኩትን ነው። ትክክል መሆኑ ዕድል ነው።

ቴክኒክና ሙያውን እንደ ቅጣት የሚያየው ልማዳችን አልተለወጠም። ለዚህ ከተማ ሰው ግን አንድ ነገር ማስታወስ እወዳለሁ። ዛሬ ልጆቻችን እንዲገቡበት የምንሳልለት የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲመሠረት ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ነበር። አዳማ ዩኒቨርሲቲ የተባለው በ1998፣ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2003 ዓ.ም. ነው። አሁን እንግዲህ አገር አቀፉን ፈተና ያለፈ ልጅም ቢሆን እዚያ ለመግባት እንደ አዲስ አበባው አቻው ሌላ የመግቢያ ፈተና ይጠብቀዋል። ከቤቱ በባጃጅ የሚደረስበት ግቢ ለመግባት ሁለት ጊዜ ይጣራል። ለሳይንስና ቴክኖሎጂ የተለየ ተቋም ነውና አልቃወምም። ግን ተቋም ከቴክኒክ ኮሌጅነት ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ መሆን ከቻለ፣ ከደረጃ 4 የተነሣ ሰው መሐንዲስ ሲሆን ለምን እንደ ተአምር ይወራል?

ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ሊመረቅ ሲል የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በመንግሥትም ተማር በግል፣ በቀንም በማታም፣ ጥያቄው ያው ነው። ይህ ፈተና ሲመጣ ብዙ ሰው ተቆጣ። እኔ በልቤ ደስ ብሎኛል። ለዓመታት «የማታ ዲግሪ» እየተባለ ከንፈር ሲመጠጥብኝ ኖሬያለሁ። አሁን ከየትም ይምጣ፣ የሁሉም ዲግሪ የሚመዘንበት አንድ ቦታ ተገኘ።

እንዲህ ከሆነ ግን መግቢያው ላይ ያለው ጭንቀት ሊላላ ይገባል ባይ ነኝ። አንድ አገር ትምህርቱን ሳያውቅ ማንም እንዳይመረቅ መውጫው ላይ ፈትሾ የሚለቅ ከሆነ፣ መግቢያውን በዓመት አንድ ጊዜ በሚሰጥ የጥቂት ቀናት ፈተና ብቻ መወሰን ምን ይጠቅመዋል? የሠላሳ ዓመት ሰው አለ፤ ደረጃ 4 አለው፤ ስምንት ዓመት ኤሌክትሪክ ሠርቷል፤ የአንድ ፎቅ ሙሉ መስመር ዘርግቶ ያበራል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለ ታሪክና ጂኦግራፊ ስንት አመጣ ብሎ መጠየቅ ምን ይነግረናል? ይሞከር። አንድ ሴሚስተር ይማር፤ ካልቻለ ይመለስ። ቀድሞ የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ውጤቱና ያለው ቦታ ታይቶ ይወሰን ነበር፤ ያን ጊዜ መግቢያው ሰፊ፣ መውጫውም ክፍት ነበር፤ ዲግሪው ረከሰ። አሁን ሁለቱም ጠበቡ። እኔ የምለው ጥብቅነቱ መውጫው ላይ ይቆይ፣ መግቢያው በዕድሜና በሥራ ልምድ ለሚመጣውም ቦታ ይኑረው ነው።

ይህን ለአንድ የማከብረው የሒሳብ መምህር ነግሬው አውቃለሁ። ጡረታ ወጥቷል፤ ጋዜጣውን እዚህ በረንዳ ላይ ነው የሚያነበው። መነጽሩን አወለቀና «የማንን ገንዘብ ነው የምትሞክሪበት?» አለኝ። ከዚያ የመጀመሪያውን ዙር የመውጫ ፈተና ውጤት አስታወሰኝ። ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማው አልፈዋል፤ ከግል ተቋማት ግን ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ከመቶው ሰማንያ ሦስቱ ለአራት ዓመት ያህል ከፍለው፣ ጋዎን ተከራይተው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ዲግሪው ግን አልተሰጣቸውም። የመንግሥቱ ተማሪ ሲወድቅ የወጪ መጋራት ዕዳው ይጠብቀዋል፤ የግሉ ተማሪ ግን የእናቱን ዕቁብ ነው የበላው። መግቢያውን ስታሰፊ የምታስገቢው የተቸገረውን ብቻ አይደለም፤ ለተቸገረው ተስፋ የሚሸጠውንም ጭምር ነው አለኝ።

መልስ አጣሁለት ማለት እችላለሁ። እውነቱን ነው። እኔው ራሴ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የጠረዝኩላቸው ልጆች የመውጫ ፈተናውን ደጋግመው እየተፈተኑ ነው። አንዷ የአካውንቲንግ ተማሪ ነበረች፤ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ የሒሳብ መዝገብ በኮምፒውተር ሠርታ እንደማታውቅ የነገረችኝ እዚሁ ቆማ ነው። የተማረችበትን ኮሌጅ ስም አልጠራም፤ የሚለየው ነገር ቢኖር የደንብ ልብሱ ቀለም ብቻ ነው፤ ሌላው ከብዙዎቹ ጋር አንድ ነው።

ቢሆንም መምህሩ ባለው መንገድ መግቢያውን መዝጋት አልታየኝም። ሰው የሚታለለው በር ስለተከፈተለት ሳይሆን ከበሩ ወዲያ ያለውን ሳይነግሩት ስለሚያስገቡት ነው። የመውጫ ፈተና ውጤት በተቋም፣ በትምህርት ክፍል ይታወቃል፤ ኮሌጁ ራሱ ያውቀዋል። ወላጅ ግን ሲመዘገብ የሚሰጠው ብሮሸር ነው። ብሮሸሩ ላይ የሕንፃው ፎቶ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ፎቶ፣ ፈገግ ያሉ ተመራቂዎች አሉ። ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ የሚል መስመር እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ብሮሸሩን የማትመው ደግሞ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ባለፈው ክረምት ባንኮኒዬ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ በትልልቅ ፊደል፦ «ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። ባለፈው የመውጫ ፈተና ከዚህ ትምህርት ክፍል ስንት ተማሪ ተፈተነ? ስንቱ አለፈ?» ሥሩ ላይ ለኮሌጆች ስም የሚሆን ባዶ ሠንጠረዥ አሰመርኩበት።

የመጀመሪያው ጠያቂ ወላጅ አልነበረም። ተማሪ የሚመለምል አንድ ወጣት ብሮሸሩን ሊያስቀምጥ መጥቶ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «እትዬ፣ ይህ ገበያ ይዘጋብናል እኮ» አለኝ። ቁጥሩን ካመጣህልኝ በነጻ እሞላልሃለሁ አልኩት። ብሮሸሩን ሰብስቦ ማዶ ወዳለው ሱቅ ወሰደው፤ እስከ ዛሬም እዚያ ነው የሚያስቀምጠው። ወላጆች ግን መጠየቅ ጀመሩ። አንድ ጋሪ ነጂ አባት ወረቀቱን ልጁ አንብባለት፣ «ይህን ጻፊልኝ» ብሎ ጥያቄውን በእጄ አስጽፎ በኪሱ ይዞ ሄዷል።

መስከረም ላይ ከሌላ ኮሌጅ አንድ የሬጅስትራር ሠራተኛ ማኅተም ያረፈበት ቁጥር ይዞ መጣ። የነርሲንግ ክፍል ነበር፤ ጥሩ ነው፤ ከግማሽ በላይ አሳልፈዋል። ወዲያው ሞላሁለት። የአካውንቲንጉስ ብዬ ብጠይቀው «እሱ ገና እየተጠናቀረ ነው» አለኝ። የነርሲንጉ ቁጥር ተለጥፏል፤ ከአጠገቡ «አካውንቲንግ፦ እየተጠናቀረ ነው» ብዬ ጽፌያለሁ።